የጓሮው ፍሬና የማርማላታው ጠርሙስ፦ ሕጎቹ ከየት መጡ?

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ተባይም አናወራም፤ ዛሬ ታሪክ ነው የማወራችሁ። ግን ጓሯችሁ ውስጥ ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ኮክ፣ ብርቱካን ወይም ሎሚ ካለ በቀጥታ እናንተን የሚመለከት ታሪክ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ ከዚህ ይነሳል። የጓሮ ፍሬ ያለው ሰው ዛፉ ዓመቱን ሙሉ አለው፤ ፍሬው ግን የጥቂት ሳምንታት ነው። በእነዚያ ሳምንታት የእናንተ ዛፍ ሲደርስ የጎረቤታችሁም ይደርሳል፣ የወረዳው ሁሉ ይደርሳል። ገበያ ብታወጡት ዋጋው ወድቋል። ቤት ብታስቀምጡት በሦስት በአራት ቀን ይጠቁራል። የቀረውን ወፍና ዝንብ ይካፈለዋል። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ያው ቤተሰብ ከሱቅ ማርማላታ ይገዛል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዛፍ የተከለ ሕዝብ ሁሉ አይቶታል። መፍትሔውም ብዙ ዘመን ፈጅቶ ነው የተገኘው። ዛሬ ፍሬን በጠርሙስ ለማቆየት የምንከተላቸው ሕጎች አራት ናቸው ማለት ይቻላል፦ ስኳሩ ይብቃ፣ ይፍላ፣ በደንብ ይከደን፣ ይኮምጥ። ከአራቱ አንዱም ለጌጥ የመጣ አይደለም። እያንዳንዱ የተከፈለበት ዋጋ አለ፤ አንዳንዱ በገንዘብ፣ አንዳንዱ በዕድሜ፣ አንዳንዱ በሰው ሕይወት። የመጣበትን ያወቀ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይዘለውም። ለዚህ ነው ታሪኩን ልንገራችሁ ያልኩት።

አንደኛው ሕግ፦ ስኳር

«ማርማላታ» የሚለው ቃል እንደ ፓስታና እንደ ፉርኖ ከጣሊያንኛ ነው የመጣልን። ጣሊያኖቹ ደግሞ ከፖርቱጋሎች ነው ያገኙት። በፖርቱጋልኛ «ማርሜሎ» ማለት ከፖም ጋር የሚዛመድ፣ ጥሬውን የማይበላ፣ ጠንካራና ኮምጣጣ ፍሬ ነው። ቃሉን ወደ ኋላ ብትከተሉት «የማር ፖም» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ላይ ያደርሳችኋል። የጥንት ሮማውያን ይህንን ፍሬ በማር ውስጥ ያቆዩት ነበር። ሲቀቀል ደግሞ በራሱ ይረጋል።

ለምን ይረጋል? መልሱ በ1825 (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከፈረንሳይ መጣ። አንሪ ብራኮኖ የተባለ ኬሚስት ከፍሬ ውስጥ የሚያረጋውን ነገር ለይቶ ፔክቲን ብሎ ሰየመው፤ ስሙም «የሚያረጋ» ከሚል የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። ፔክቲን በሎሚና በብርቱካን ልጣጭና ፍሬ ውስጥ፣ በዘይቱን ውስጥ በብዛት አለ። ማንጎና ኮክ ላይ ግን አነስ ይላል። ዘይቱን ቶሎ የሚረጋው፣ የኮክ ማርማላታ ግን ሎሚ ካልተጨመረበት እንደ ሾርባ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስኳሩስ? ስኳር ፍሬው ውስጥ ያለውን ውሃ ይይዘዋል። ባክቴሪያና ሻጋታ ያለ ውሃ መኖር አይችሉም። ጥሩ ማርማላታ ከክብደቱ 65 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው የሚባለው ለዚህ ነው። «ስኳር ተወዷል፣ ግማሹን ላድርግ» ብላችሁ ብትቀንሱ ጣፋጭነቱ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ የሚያቆየውንም ነገር ነው የቀነሳችሁት።

ይህ ስኳር ለብዙ ዘመን የሀብታም ምግብ ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች በማዴራ ደሴት ላይ ሸንኮራ አገዳ ተከሉ፤ ቆይቶ እርሻው ወደ ብራዚልና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተሻገረ። የሚሠሩበትም ከአፍሪካ ተይዘው በመርከብ የተጫኑ ባሪያዎች ነበሩ። ስኳር በአውሮፓ ረክሶ ተራው ሰው ጋ የደረሰው በእነሱ ላብና ሞት ነው። በብሪታንያ በስኳር ላይ የነበረው ቀረጥ ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ1874 ነው፤ ከዚያ በኋላ ዳቦ በማርማላታ የፋብሪካ ሠራተኛ ቤተሰብ የየዕለት ምግብ ሆነ።

ሁለተኛው ሕግ፦ መፍላት

አሁን ወደ ፓሪስ እንሂድ። ኒኮላ አፔር የሚባል ሰው ነበር፤ በ1749 የተወለደ፣ ሙያው ጣፋጭ ምግብ መሥራት። ከ1795 ገደማ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ያዘው፦ ምግብን ሳያደርቁ፣ ጨው ሳይነሰንሱበት፣ በስኳር ሳያጥለቀልቁት ማቆየት ይቻላል ወይ? ከአሥር ዓመት በላይ ሞከረ። ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ሰፊ አፍ ያለው የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ፍሬውን ወይም አትክልቱን ይከታል፣ በቡሽ አጥብቆ ይደፍናል፣ ቡሹን በሽቦ ያስራል፣ ከዚያ ጠርሙሱን እንዳለ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ያፈላዋል። በቃ።

በ1810 የፈረንሳይ መንግሥት 12,000 ፍራንክ ሰጠው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን ነበረው፦ ዘዴውን በመጽሐፍ አሳትሞ ለሁሉም ይፋ ማድረግ። እሱም በዚያው ዓመት አሳተመ። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ሰውየው ምስጢሩን ይዞ ሊከብርበት ይችል ነበር፤ መንግሥት ገንዘብ የከፈለው ግን ምስጢሩ ለማንኛውም ባለ ድስት እንዲደርስ ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ፒተር ዱራንድ በቆርቆሮ ጣሳ ለማሸግ የባለቤትነት መብት አወጣ፤ በ1813 ለንደን ውስጥ የጣሳ ምግብ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። አፔር ግን ሀብታም አልሆነም። በ1841 በድህነት ሞተ።

የሚገርመው፣ አፔር ዘዴው ለምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር። እሱና በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት ምግብን የሚያበላሸው አየር ነው ብለው ያስቡ ነበር። እውነተኛው ምክንያት የታወቀው ከመጽሐፉ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ሉዊ ፓስተር በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ምግብን እንደሚያበላሹና ሙቀት እንደሚገድላቸው ሲያሳይ ነው።

ሦስተኛው ሕግ፦ ክዳን

የአፔር ዘዴ ለቤት እመቤት ከባድ ነበር። ቡሹ ይፈስሳል፣ ሽቦው ይላላል፣ ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ቡሹ ደግሞ አይሠራም። አሜሪካ ውስጥ ክዳን ላይ ሰም እያቀለጡ ያፈሱ ነበር፤ ሰሙ ሲሰነጠቅ ምግቡ ይበላሻል።

ጆን ላንዲስ ሜሰን የሚባል የ26 ዓመት ወጣት ኅዳር 30 ቀን 1858 የሚሽከረከር ክዳን ላለው ጠርሙስ የባለቤትነት መብት አወጣ። የጠርሙሱ አንገት ጥርስ አለው፣ ክዳኑ ይጠመዘዝበታል፣ በመካከል ደግሞ የጎማ ቀለበት አለ። የሚፈላው አየር በጎማው ስር ያመልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ወደ ውስጥ ይሳብና ይጣበቃል። ዛሬ ኩሽናችሁ ውስጥ ያለው የሚጠመዘዝ ጠርሙስ የዚያ ልጅ ነው። መብቱ በ1879 ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎች በብዛት አመረቱት፤ ሜሰን ራሱ በ1902 ድሃ ሆኖ ሞተ። አፔርም ድሃ፣ ሜሰንም ድሃ፤ የዓለም ጓዳ ግን በእነሱ ሞላ።

ክዳኑን የሚያጣብቀው ያ ስስ የጎማ ክፍል ነው። አንዴ ሙቀት አግኝቶ የጠርሙሱን አፍ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ሁለተኛ እንደ በፊቱ ላይገጥም ይችላል። «ጠርሙሱን ደጋግማችሁ ተጠቀሙ፣ ክዳኑን ግን አዲስ አድርጉ» የሚባለው ከዚህ ነው።

አራተኛው ሕግ፦ ኮምጣጣነት

ይህኛው በሕይወት የተከፈለበት ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ውስጥ ሰዎች ቋሊማ ይበሉና ዓይናቸው ይደበዝዛል፣ ምላሳቸው ይተሳሰራል፣ መተንፈስ ያቅታቸዋል፣ ይሞታሉ። ዩስቲኑስ ከርነር የተባለ ሐኪም በ1820ዎቹ መጀመሪያ ይህንን አጥንቶ ጻፈ። መንስኤው ግን አልታወቀም። በ1895 ቤልጂየም ውስጥ ኤልዜል በምትባል መንደር በቀብር ላይ የተጫወቱ ሙዚቀኞች ሳይበስል የተቀመጠ የአሳማ ሥጋ በልተው ታመሙ፤ ሦስቱ ሞቱ። ኤሚል ቫን ኤርመንገም የተባለ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከሥጋውና ከሟቹ አካል አንድ ባክቴሪያ አወጣ። በሽታው በላቲን ቋሊማ ከሚለው ቃል ቦቱሊዝም ተባለ።

ይህ ባክቴሪያ ከሌሎቹ በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ አፈር ውስጥ በየትም አለ። ሁለተኛ፣ ስፖር የሚባል ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘር ይሠራል፤ ይህንን ዘር የፈላ ውሃ አይገድለውም። ሦስተኛ፣ አየር የሌለበት ቦታ ይስማማዋል። በደንብ የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ አየር የለም! ማለትም ክዳኑን ባሳመራችሁ ቁጥር ቤቱን እያሳመራችሁለት ነው። የሚያወጣው መርዝ ደግሞ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ «ቀምሼ ልየው» ብሎ ነገር የለም።

«እኛ የምንሠራው ፍሬ ነው፣ ሥጋ አይደለም» የሚል ካለ የ1919ን ነገር ልንገረው። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ በኦሃዮና በሚሺጋን ከካሊፎርኒያ የመጣ በጠርሙስ የታሸገ የወይራ ፍሬ የበሉ ሰዎች በቦቱሊዝም ሞቱ። ወይራ ስል ዓረቦቹ ዘይቱን የሚሉትን ነው፤ የእኛው ዘይቱን፣ ማለትም ጓቫ፣ አይደለም። ወይራ የዛፍ ፍሬ ነው። ግን ኮምጣጣ አይደለም፤ ጥፋቱም እዚያ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰፊ ምርምር ተደረገ፤ በ1922 እስቲና ሜየር የተባሉ ተመራማሪዎች ያንን ስፖር ለመግደል ምን ያህል ሙቀት ለስንት ደቂቃ እንደሚያስፈልግ ለክተው አወጡ። በ1925 ካሊፎርኒያ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካዎችን የሚቆጣጠር ሕግ አወጣች።

ከዚህ ሁሉ የወጣው ቁም ነገር አንድ ቁጥር ነው፦ 4.6። ኮምጣጣነት የሚለካበት ፒኤች የሚባል መለኪያ አለ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ ያ ስፖር አይበቅልም፤ በፈላ ውሃ ማሸግ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሆነ ምግብ ግን ከፈላ ውሃ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህም የሚገኘው ለማሸግ ተብሎ በተሠራ የግፊት ድስት ብቻ ነው።

የእኛን ጓሮ ፍሬዎች በዚህ ቁጥር ለይተን እንያቸው።

ኮምጣጣዎቹ፦ ሎሚ፣ ትርንጎ፣ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ዘይቱን፣ ፕሪም፣ ፖም፣ እንጆሪ። እነዚህን በማርማላታ መልክ በፈላ ውሃ ማሸግ ይቻላል።

ጠርዝ ላይ ያሉት፦ ማንጎ፣ በለስ፣ ቲማቲም። ማንጎ በጣም ሲበስል ኮምጣጣነቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ገና ጠንከር ያለውን ውሰዱና ሎሚ ጨምሩበት። ለበለስና ለቲማቲም የተለመደው መጠን ለግማሽ ሊትር ጠርሙስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከሱቅ የሚገዛ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ነው። የጓሮ ሎሚ ኮምጣጣነቱ ከዛፍ ዛፍ ስለሚለያይ ለዚህ ሥራ የታሸገው ይመረጣል።

በፈላ ውሃ የማይታሸጉት፦ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ሐብሐብ፣ እንዲሁም ሥጋው ነጭ የሆነ ኮክ። አዎ፣ ነጩ ኮክ! ከቢጫው ይልቅ ኮምጣጣነቱ አነስተኛ ነው። እነዚህን ትኩሱን ብሉ፣ ሽጡ፣ ወይም ሠርታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣችሁ ቶሎ ጨርሱ። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ነክሮ በጠርሙስ ከፍሪጅ ውጭ ማቆየትም ከዚሁ አደጋ ወገን ነው።

ጠርሙሱና የእኛ ሙያ

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። የግብርና ኤክስቴንሽን የሚባለው ሥራ ራሱ ከማርማላታና ከቲማቲም ጣሳ ጋር አብሮ ያደገ ነው።

በ1903 አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ሲማን ናፕ የሚባል ሽማግሌ የግብርና ሰው አንድ ሐሳብ አመጣ፦ ገበሬ በወሬ አይለወጥም፣ በራሱ ማሳ ላይ ሲሠራ ሲያይ ነው የሚለወጠው። ይህ የሠርቶ ማሳያ ማሳ መነሻ ሆነ። ከዚያ ለወንዶች ልጆች የበቆሎ ክበብ ተቋቋመ። በ1910 ሳውዝ ካሮላይና፣ ኤይከን አውራጃ ውስጥ ማሪ ክሮመር የምትባል የገጠር መምህርት «ሴቶቹስ?» ብላ ጠየቀች። የሴት ልጆች የቲማቲም ክበብም አቋቋመች። እያንዳንዷ ልጅ የኤከር አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 400 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ተሰጣት። ትተክላለች፣ ታርማለች፣ ትለቅማለች፣ ያላለቀውን ደግሞ ጓሮ ላይ በተተከለ ማፍያ አሽጋ ትሸጣለች። ወጪና ገቢዋን በደብተር ትጽፋለች። ገንዘቡ የራሷ ነው።

ቲማቲም የተመረጠው በምክንያት ነው፤ በትንሽ መሬት ብዙ ይሰጣል፣ ለማሸግም ይመቻል። ክበቦቹ በፍጥነት ወደ ቨርጂኒያ፣ ወደ ኖርዝ ካሮላይናና ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛመቱ። ዘመኑ ጥቁርና ነጭ የሚለያይበት ስለነበር የጥቁር ልጃገረዶች ክበብ ለብቻው ነበር። ልጆቹን የሚያስተምሩ ሴት ባለሙያዎች ተቀጠሩ፤ ልጆቹን ይዘው እናቶች ኩሽና ገቡ። ግንቦት 8 ቀን 1914 ስሚዝ ሌቨር የሚባለው ሕግ ሲወጣ የግብርና ኮሌጆች ኮሌጅ ላልገባው ሕዝብ ግብርናንም የቤት አያያዝንም በተግባር እያሳዩ እንዲያስተምሩ አዘዘ። የኤክስቴንሽን አገልግሎት በሕግ የተቋቋመው ያኔ ነው፤ ማሳውና ድስቱ አብረው።

ወደ እኛስ እንዴት መጣ? በ1952 የኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ ከኢትዮጵያ ጋር ለመሥራት ውል ገባ። የጅማ የግብርና ቴክኒክ ትምህርት ቤት በዚያው ዓመት ተከፈተ፤ የዓለማያ ኮሌጅም ተከተለ። ኮሌጁ ማስተማር፣ መመራመርና ኤክስቴንሽን የሚሉትን ሦስት ሥራዎች አንድ ላይ ያዘ። የኤክስቴንሽኑ ሥራ በ1963 ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። እንግዲህ በቀበሌያችሁ ያለው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የዚያ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ነው። የሰንሰለቱ ግማሽ ግን ከማሳው ይልቅ ድስቱ ነበር። ችግኝ ሲታደል ብዙ ጊዜ እናያለን፤ ፍሬው ሲደርስ ድስቱን የሚያሳይ ግን እምብዛም ነው።

ድስቱ ሲታከል ምን እንደሚሆን ለማየት የ1940ን እንግሊዝ ተመልከቱ። ጦርነት ነው፣ ስኳር በራሽን ነው፣ ከባሕር ማዶ ፍሬ አይመጣም፤ በየጓሮው ግን ፍሬ እየረገፈ ነው። መንግሥት የሴቶች ማኅበራትን ስኳር ሰጣቸው። እነሱም በየመንደሩ አዳራሽና ኩሽና ተሰብስበው የጓሮውን ፍሬ ማርማላታ አደረጉት። ከ1940 እስከ 1945 ባሉት ዓመታት ከ5,000 ቶን በላይ ፍሬ ከብክነት ተረፈ። ብዙ አዲስ ዛፍ ስለተተከለ የመጣ አይደለም፤ ዛፎቹ ድሮም ነበሩ።

መጽሐፉ የተጻፈው ዝቅ ያለ አገር ነው

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የማርማላታ አሠራር ከውጭ መጽሐፍ ወይም ከቪዲዮ ስትወስዱ አብዛኛው ለባሕር ጠረፍ ቅርብ ለሆነ አገር የተጻፈ ነው። አፔር ፓሪስ አጠገብ ሲያፈላ ውሃው 100 ዲግሪ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው! በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ አንድ ዲግሪ እየቀነሰ ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ውሃው እየተንተከተከ ነው ማለት ሙቀቱ በቂ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ በጊዜ ማካካስ አለብን።

እስከ ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ለተሞላ ማርማላታ በፈላ ውሃ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ እንዲህ ነው፦
- እስከ 300 ሜትር ከፍታ፦ 5 ደቂቃ
- ከ300 እስከ 1,830 ሜትር፦ 10 ደቂቃ
- ከ1,830 ሜትር በላይ፦ 15 ደቂቃ

ድሬዳዋ ያላችሁ 10፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃን ያላችሁ 15። ባሕር ዳር ጠርዙ ላይ ስለሆነች 15 አድርጉት። ይህ ለማርማላታ ብቻ ነው፤ በስኳር ውሃ ውስጥ የሚታሸግ ሙሉ ወይም የተቆራረጠ ፍሬ ከዚህ ይረዝማል።

አሠራሩ ባጭሩ፦

1. ለ1 ኪሎ የተላጠና የተቆረጠ ፍሬ ከ750 ግራም እስከ 1 ኪሎ ስኳርና 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ አዘጋጁ።

2. ፍሬውን አለስልሳችሁ ስኳሩን ጨምሩ፤ እያማሰላችሁ በጠንካራ እሳት አፍሉት። መድረሱን ለማወቅ የቀዘቀዘ ሳህን ላይ ጠብ አድርጉና በጣት ገፋ አድርጉት፤ ከተጨማደደ ደርሷል። ቴርሞሜትር ካላችሁ መጽሐፉ 104 ወይም 105 ዲግሪ ይላችኋል፤ በእናንተ ከፍታ ግን ውሃ ከሚፈላበት ከ4 እስከ 5 ዲግሪ በላይ ብላችሁ ያዙት። አዲስ አበባ ላይ 105 እስኪሆን ብትጠብቁ ታሳርሩታላችሁ።

3. በሳሙና ታጥቦ ሙቅ ውሃ ውስጥ የቆየ ጠርሙስ ውስጥ ትኩሱን ሙሉ፤ ከላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተዉ። የጠርሙሱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ አዲስ ክዳን ግጠሙ።

4. ድስት ውስጥ ውሃው ከክዳኑ በላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር እስኪሸፍነው ድረስ አስገቡ። ደቂቃውን መቁጠር የምትጀምሩት ውሃው እንደገና ሲፈላ ነው።

5. አውጥታችሁ እስከ ማግስቱ ሳትነካኩት ይቀመጥ። የክዳኑን መሐል ተጫኑት። ወደ ታች ገብቶ ከቀረ ታሽጓል። ጧ ብሎ ከተመለሰ አልታሸገም፤ ፍሪጅ ውስጥ አስገብታችሁ በሦስት ሳምንት ውስጥ ብሉት።

አዲስ ክዳን ካላገኛችሁ በትንሹ ሠርታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ክዳኑ ያበጠ፣ የሚያፈስስ ወይም ሲከፈት የሚተፋ ጠርሙስ ካያችሁ ሳትቀምሱ ልጅና እንስሳ በማይደርስበት ቦታ አስወግዱ።

ታዲያ ምን እንትከል?

ጠርሙሱን አስባችሁ ስትተክሉ የዛፍ ምርጫችሁ ይለወጣል። አንድ ዓይነት ዛፍ አምስት ከመትከል በተለያየ ወር የሚደርሱ አራት አምስት ዓይነቶችን ትከሉ፤ ድስቱም ስኳሩም በአንድ ጊዜ አይጨናነቅባችሁም። ግራፍት የተደረገ ችግኝ ከዘር ከበቀለው ቀድሞ፣ ብዙውን ጊዜ በ3 እና በ4 ዓመት ያፈራል፤ ፍሬውም እንደ እናቱ ስለሚሆን ምን እንደምታገኙ ታውቃላችሁ። ጉድጓዱን 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ቀድማችሁ ቆፍሩ፤ የላይኛውን አፈር ከብስባሽ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱና ዝናቡ ሲረጋ ትከሉ።

ቦታችሁ ለአንድ ዛፍ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን እኔ ሎሚ እላችኋለሁ። ብዙ ሰው «ሎሚ ምን ይሠራል፣ ማንጎ ይሻላል» ይላል። ነገር ግን ከላይ ያየነውን አስቡት። የሚያረጋው ፔክቲን በልጣጩና በፍሬው ውስጥ አለ፤ ለጣዕሙም ለመርጋቱም የሚያስፈልገው ኮምጣጣ በጭማቂው ውስጥ አለ። የዘጌ ሰው በጣና ዳር ከቡናውና ከጌሾው ጋር ሎሚ ይዞ የኖረው በከንቱ አይደለም። ሎሚ ያለው ቤት የጎረቤቱን ዘይቱንና ማንጎ ማርማላታ ማድረግ ይችላል። ማንጎ ብቻ ያለው ቤት ግን ሎሚ መግዛት አለበት።

የቀበሌያችሁን ከፍታ የማታውቁ ከሆነ የልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁን ጠይቁ፤ ወይም የየትኛው ወረዳ እንደሆናችሁና ምን ፍሬ እንዳላችሁ ጻፉልኝ። ነጭ ኮክ ያላችሁ ደግሞ ከማፍላታችሁ በፊት ጻፉልኝ። መልካም የሥራ ጊዜ!